አልማዝ የተቀመጠችበት የስፌት መኪና

ሥራ ካቆምኩ በኋላም ሰው ቤቴ ድረስ ይመጣል። «ጋሽ ደምሴ፣ አሮጌ የስፌት መኪና ነበረችኝ፤ ላስጠግናት ወይስ አዲስ ልግዛ?» ይለኛል። ሱቄን የዘጋሁት ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ስላቃተው ነው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ያመጡልኝን መኪና መዘውሯን በእጄ አዙሬ እሰማታለሁ፣ የመሰለኝን እናገራለሁ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። እነሱ ሲሄዱ እኔ ደሜ ፈልቶ እቀራለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ማን ምን አለህ?» ትላለች። ማንም ምንም አላለኝም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ እሱን ነው ዛሬ የምጽፈው።

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን የጨረስኩት የሥራ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ በመካኒክነት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ቀላል ጥያቄ አንድም አለቃ ጠይቆኝ አያውቅም። «ትጠገን ወይስ ትቀየር?» ያለኝ የለም። ሁሌም የምሰማው «ታሠራታለህ አይደል?» የሚል ነው። ለዚህ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ብረት እኮ ነው፤ ጊዜና እልህ ያለው ሰው የሞተችውንም መኪና ለጥቂት ጊዜ ያስነሳታል። ማስነሳቱ ብቻ በቂ መስሏቸው ኖሩ። አወይ የኔ ሙያ! ስንት አዲስ መኪና እንዳይገዛ ምክንያት ሆነ።

ሙያውን ያስያዙኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ዊንጌት አጠገብ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ከፍተው የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ስቀመጥ አጎቴ ነው ወስዶ ያገናኘኝ። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳሙና ሰጡኝ። እጅ ሳይታጠብ መኪና አይነካም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የሚፈታው ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራል። ሲገጠም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል። ጨርቁ ላይ አንዲት ብሎን ከተረፈች ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ መኪናዋ ብትሠራም እንደገና ትፈታለች።

ግን ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው። ደንበኛ መኪናዋን ይዛ ስትገባ መኪናዋን አያዩም። ሰፊዋን ነው የሚያዩት። «ማነው የሚቀመጥባት? ምን ትሰፊባታለሽ? ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?» ይጠይቃሉ። እኔ በሆዴ፣ ሽማግሌው ወሬ ይወዳሉ እል ነበር።

አንድ ቀን የጳውሎስ ሰፈር ልብስ ሰፊ አንዲት ሴት፣ ብዙ ጊዜ የታደሰች መኪና አመጣች። ጋሽ ሁሴን መዘውሩን ዓይናቸውን ጨፍነው አዞሩት። ደጋግመው አዞሩት። ከዚያ ጨርቃቸውን አጣጥፈው «እቺ ትረፍ እናቴ። ሌላ ፈልጊ» አሏት። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። ልባቸው የራራ መሰለኝና ስትወጣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ላስነሳት እችላለሁ» አልኳቸው።

«ትችላለህ» አሉ። «እኔም እችላለሁ። የሚቀመጥባት ግን አንተም አይደለህ፣ እኔም አይደለሁ። ዋናው ዘንግ ተሰንጥቋል። አንድ ቀን መርፌዋ ተሰብሮ ፊቷ ላይ ቢፈናጠር ማን ሊጠግናት ነው?»

ለሴትዮዋ ሌላ መኪና ከሚያውቋቸው ነጋዴ ዘንድ በዱቤ እንድታገኝ ዋስ ሆኑላት። ጥገና እምቢ ብለው ደንበኛ ያጡ ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

ትዳር ስይዝ የሱቁ ገቢ ለሁለታችን አልበቃ አለና ወደ ድርጅቱ ገባሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅሬ ይባላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ፍቅሬ ክፉ ፊት ያለው ሰው አልነበረም። ሳቂታ ነው። በበዓል ቀን በየመኪናው እየዞረ ሰፊዎቹን በስማቸው እየጠራ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። ለኔም «ደምሴ የኛ ዶክተር!» ይለኛል። በየዓመቱ የመለዋወጫ ጥያቄ ሳቀርብ ግን «አንተ እያለህልን ምን መለዋወጫ ያስፈልጋል?» ብሎ ትከሻዬን ይመታል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ሙገሳ መሰለኝ። ኩሽኔታ ሲያልቅ ከሌላ መኪና ፈትቼ፣ ጥርስ ሲበላ ገልብጬ፣ ቺንጋ ሲበጠስ በሽቦ ሰፍቼ መኪኖቹን አቆይቻለሁ። ቢሮው በአዲስ ሶፋ ሲቀየር፣ ግቢው ውስጥ አዲስ አውቶሞቢል ሲቆም፣ እኔ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ እየቆረጥኩ ነበር።

አሁን አልማዝን ላስተዋውቅ። አልማዝ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት። አባቷና ወንድሟ ይሸምናሉ፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መስፋት ነበር የምትወደው። ድርጅቱ ውስጥ ወፍራም ቱታ የሚሰፋባት አንዲት ከባድ መኪና ነበረች፤ ኪስና መቀመጫ የሚደረብባት። እሷን አልማዝ ብቻ ነበረች የምትችላት። ፈጣን ናት፣ መስመሯ አይዘባም፣ ለማንም አትጎነበስም። ሻይ ሰዓት ላይ «ጋሽ ደምሴ፣ እቺ መኪናዎ ዛሬ ደግሞ ተነጫነጨች» ትለኛለች። መኪናዬ አልነበረችም፤ ሁሉም ግን እንደዚያ ነበር የሚጠራት፤ ብዙ ስለፈታኋት።

የዚያች መኪና ጣጣ ፍሪሲዮኗ ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ። በድርጅት መኪና ሞተሩ ከጠረጴዛው ሥር ሳያቋርጥ ይዞራል። ሰፊዋ ፔዳሉን ስትረግጥ ፍሪሲዮኑ ይይዝና መርፌው ይሠራል፤ እግሯን ስታነሳ ይለቅና መርፌው ቀጥ ይላል። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ግን መልቀቁን ይረሳል። እግር መሬት ላይ ሆኖ መርፌው ቀስ ብሎ ይንፏቀቃል። ሲብስበት ደግሞ ድንገት ይዘላል።

መጀመሪያ ቆዳ ለበጥኩላት። ቆዳው ተበላ። ኩሽኔታውን ቀየርኩ። ደህና ሆነች፤ ተመለሰባት። አንድ ቀን አልማዝ ጠርታኝ «ይዩ» አለችኝ። ሁለቱንም እግሯን ወደ ኋላ ሰብስባ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዝም ብለን ጠበቅን። መርፌዋ ብቻዋን ወረደች፣ ወጣች፣ ቆመች።

አልማዝ ሳቀች። «ሰይጣን ገብቶባታል» አለች። እኔ አልሳቅኩም።

ፍቅሬ ቢሮ ገባሁ። «ይቺ መኪና አልቃለች። ፍሪሲዮኑ ብቻ አይደለም፤ የሚቀመጥበት ዘንግ ራሱ ተበልቷል። አዲስ ሞተር ይገዛ፤ አለበለዚያ ራሷ ትቀየር» አልኩት።

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለኸኝ አሠራሃት።»

«ባለፈው አልዘለለችም።»

«የቱታው ውል ሊያልቅ ነው ደምሴ። አሁን መኪና ገዝቼ ከየት አመጣለሁ? አንተ ትችላታለህ። እኔ አንተን አምንሃለሁ።»

«ሰው ትጎዳለች እያልኩዎት ነው!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። ፍቅሬ ፈገግ አለ። «በቃ፣ በቃ። ነገ ጠዋት መርካቶ ሂድና ኩሽኔታ ፈልግ። ከዚያ እናያለን።» አለኝ።

ኩሽኔታ እንደማያድናት ነግሬዋለሁ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል ብዬ ተስማማሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን የመኪናዋን ቺንጋ አወለቅኩና መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቺንጋ ከሌለ ሞተሩ ቢዞርም መርፌው አይነሳም። ለአልማዝም «እስክመለስ እንዳትቀመጪባት፤ ቁልፍ የሚተክሉት ሰዎች ጋ ሁኚ» አልኳት። እሺ አለች።

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ስንከራተት ረፈደ። ያልኩትን ልክ የያዘ ሰው ጠፋ። ታክሲ ተሳፍሬ ስመለስ ግቢው በር ላይ የሰማሁት ነገር ጸጥታ ነው። ያ ሁሉ ሞተር በሥራ ሰዓት ዝም ሲል ጆሮ ያማል። ሴቶቹ ሁሉ ደጅ ቆመዋል። ዘበኛው አየኝና አንገቱን ደፋ።

«ማን ናት?» አልኩት።

«አልማዝ» አለኝ። «ወስደዋታል።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። መኪናዋ ላይ አዲስ ቺንጋ ገጥመውባታል። እኔ መርካቶ ስዞር ፍቅሬ ከውጭ ሰው ጠርቶ ኖሯል። ለዚያ ሰው ምንም አልነገረውም፤ ቺንጋ ጎድሏታል ብቻ ነው ያለው። ሰውዬውም ገጥሞ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። አልማዝን ደግሞ «ደምሴ ጨርሷታል፣ ተቀመጪ» አሏት። በኔ ስም! እኔን አምና ተቀመጠች። ክር ተበጥሶባት በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ጣቷን ስታስጠጋ መኪናዋ ዘለለች። መርፌው የቀኝ እጇን አመልካች ጣት አጥንቱ ድረስ በስቶ እዚያው ተሰበረ። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተሰፋ የቱታ ኪስ ነበር። ሌላውን አልጽፍም።

ሆስፒታል ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ተጠቅልሏል። ገና ሳያት «እግሬ መሬት ላይ ነበር ጋሼ» አለችኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም። «አውቃለሁ» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እግሬ መሬት ላይ ነበር» አለች። ይዟት የመጣው ሱፐርቫይዘር በመንገድ ላይ ሁሉ «ምን አስረገጠሽ? ምን አስረገጠሽ?» ሲላት ነው የመጣው። ከሕመሙ ይልቅ ያ ነው ያንገበገባት። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ሙያተኛ ሰው እጁን አይመታም፤ የመታሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሮቹ የሚችሉትን አደረጉ። የመርፌው ስባሪ ወጣ። ጣቷ ግን አልታጠፍ ብሎ ደረቀ።

ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ሊመጡ ሲሉ ፍቅሬ አስጠራኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ምንም አትፍራ። መኪናዋ ደህና ነበረች በል፤ እሷ ሳታውቅ ረግጣለች። ሰው ይሳሳታል። እኛ ለእሷም የሚገባትን እናደርጋለን» አለኝ።

«አልልም።»

«ደምሴ፣ ልጆች አሉህ።»

«ለዚያ ነው የማልለው።»

ሰዎቹ ሲመጡ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አልማዝ እግሯን ሰብስባ መርፌዋ ብቻዋን ስትንቀሳቀስ ማየቴን፣ ለሥራ አስኪያጁ መንገሬን፣ ቺንጋውን ማውለቄን። ፍቅሬ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል፤ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። ሰዎቹ አመኑኝ። ለአልማዝ የሕክምናዋና የጉዳት ካሳ ተወሰነላት። ቀላል ሥራ ይሰጣት ተብሎም ነበር፤ ክር የምትለቅም አደረጓትና ትንሽ ቆይተው «ሥራው ቀንሷል» ብለው አሰናበቷት። ያቺን የመሰለች ሰፊ፣ የሌላውን ሰው ስፌት ክር እየለቀመች ወጣች።

ያንን ሁሉ እንኳ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አልማዝ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና ግቢ ገባ። አዳዲስ የስፌት መኪኖች በካርቶን እንዳሉ። ለአንድ መስመር ሙሉ የሚሆን! እኔ አንድ ሞተር ስለምነው የነበረው ሰውዬ ይህን ሁሉ መግዛት ይችል ነበር ለካ። ፍቅሬ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ጮክ ብሎ «ደምሴ! ስትጨቀጭቀኝ የነበረውን ይኸው አመጣሁልህ!» አለኝ። ሰዎች ሳቁ። በእርግጥ ደስ እንዲለኝ ነበር የጠበቀው።

መኪኖቹን ተከልኩ። ሴቶቹ ናቸው የሚቀመጡባቸው ብዬ የእያንዳንዷን ፍሬንና ፍሪሲዮን ፈትሼ፣ የመርፌ መከለያቸውን አጥብቄ፣ እኔው ራሴ ሰፍቼባቸው አስረከብኩ። አልማዝ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ደሞዝ ሥራ ለቀቅኩ።

ጋሽ ሁሴን ያኔ አርጅተዋል፤ ሱቃቸው ጥግ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ «ቺንጋውን ነው ያወለቅከው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ቺንጋ ማንም ይገዛል። ሞተሩን ነበር ማውረድ።»

ተነስቼ ወጣሁ። ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚያስገባው መንገድ ይሁን ወደ እንጦጦ፣ የት እንደሄድኩ አላውቅም፣ ብቻ ብዙ ሄድኩ። ሁለት ሰው ነበር የተናደድኩበት፤ በፍቅሬና በእሳቸው። በእሳቸው ላይ የነበረኝ ንዴት የበረታው እውነት ስለተናገሩ ነው። ሞተሩን የያዘው አራት ብሎን ብቻ ነው። ስመለስ ሱቁን አልዘጉም፤ የታጠፈውን ነጭ ጨርቅ አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠብቁኛል። «ከነገ ጀምሮ እዚህ ሥራ» አሉኝ። ስለዚያ ነገር እስኪሞቱ ድረስ ዳግመኛ አላነሱብኝም።

በሱቁ ዘመኔ ብዙ አየሁ። ገበያው ቀላል፣ አብረቅራቂ መኪና ሞላበት። ውስጡ ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ነው፤ ጂንስ ሲሰፋበት ይረግፋል፤ መለዋወጫ የለውም፤ አንዳንዱማ ጭራሽ እንዳይፈታ ተደርጎ የተዘጋ ነው። ያላትን አራግፋ የገዛች እናት ይዛው ስትመጣ «እማማ፣ ይሄ አይጠገንም» ማለት የኔ ዕጣ ሆነ። ሻጩ ዘንድ ስትመለስ ደግሞ «አጠቃቀምሽ ነው» ይላታል። ሁሌ ሰፊዋ ናት ጥፋተኛዋ! አሮጌውን ስለወደድኩ አዲሱን የምጠላ የሚመስለው ሰው አለ። የኔ ጠብ ከመኪና ጋር አይደለም። የሚቀመጥባትን ሰው ሳያይ ከሚሸጥና ሳያይ ከሚያስጠግን ጋር ነው።

አንድ ከሰዓት አልማዝ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ከድርጅቱ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየኋት። ቀኝ እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነው። ወንድሟ በጋሪ አስጭኖ አንዲት በእግር የምትረገጥ አሮጌ መኪና አምጥቷል፤ የአክስታቸው የነበረች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ወንድሜ እቺን እንሽጣትና በኤሌክትሪክ የምትሠራ አዲስ እንግዛ ይላል» አለችኝ። «ትሠራለች ብለው እንዳይመልሱልኝ። እንደሚሠሯት አውቃለሁ። እኔ የምጠይቅዎት፣ እህትዎ ብሆን በዚህችኛዋ ላይ ያስቀምጡኛል ወይ?»

ወንድሟ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን በእግር? ሰው ይስቅባታል። ጉልበቷስ?»

እጄን ታጠብኩ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ፈታኋት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀድሞ አዳልቷል፤ ስለዚህ ከሁሉም ጊዜ በላይ ተጠንቅቄ አየሁ። ዋናው ዘንግ ንጹሕ ነው፤ ዝገት ከላይ ብቻ ነው። ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች ተበልተዋል፤ እነሱ ይገኛሉ። የክሩ ቤት ተላልጧል፤ እሱም ይስተካከላል። የእግሯ ማያያዣ ቆዳ ደርቋል፤ ይቀየራል። መዘውሯን በእጄ ለቀቅኳት፤ ዞራ ዞራ በራሷ ቆመች።

«አስቀምጥሻለሁ» አልኳት።

«ሞተር የላትማ?»

«የላትም። አንቺ ካልረገጥሽ አትነቃነቅም።»

አልማዝ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰማህ? እኔ ካልረገጥኩ አትነቃነቅም» አለችው። እጇን ከነጠላው ያወጣችው ያን ጊዜ ነው።

ጣቷ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። በዚያ ጣት ክር ይዛ በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አትችልም። ስለዚህ ጥገናው ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ከቀጭን ሽቦ መንጠቆ ሠርቼ ከመርፌው አጠገብ አሰርኩላት፤ በግራ እጇ ስትጎትተው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ይስበዋል። የጨርቅ መጫኛውን ማንሻ ደግሞ በጉልበቷ እንድታነሳው ወደ ታች አወረድኩት። ጋሽ ሁሴን ጥግ ሆነው ያያሉ። ስጨርስ ጠሩኝና መንጠቆውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው «ጫፉን አሸው፤ ይቧጭራታል» አሉ። አሸሁት።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ሞከረችው። መጀመሪያ ፔዳሉን ትንሽ ረግጣ፣ አቁማ፣ እግሯን አንስታ መርፌውን አየችው። ጠበቀች። አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሰፋች። መስመሩ ትንሽ ዘባ ነበር፤ ፈታችውና ደግማ ሰፋችው።

ዛሬ ሽሮ ሜዳ የራሷ ቦታ አላት። ወንድሟ የሸመነውን ቀሚስ አድርጋ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ወንድሟም ከዚያ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ አላነሳም።

ዓይኔ መድከም በጀመረበት ጊዜ፣ ጋሽ ሁሴን ካረፉም በኋላ፣ አንድ አውቶሞቢል ሱቄ ፊት ቆመ። ሾፌሩ አንዲት የቆየች፣ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ከነሳጥኗ አቅፎ ገባ። ተከትሎት በትር የያዘ ሽማግሌ ገባ። ፍቅሬ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ፈገግታው ያው ነው።

«ደምሴ የኛ ዶክተር! አፈላልጌ አገኘሁህ» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የእናቴ ናት። እኔን ያሳደገችኝ በዚህች ነው። ወጪውን አታስብ። ምንም ያስፈልጋት፣ ብቻ እንደ ድሮዋ አድርግልኝ።»

መኪናዋን እጁ ሲዳብሳት አየሁ። ለካ ስለ መኪና መጨነቅ ይችላል።

«አልማዝን ታስታውሳለህ?» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ።

ፍቅሬ ግንባሩን ቋጠረ። ከልቡ ነው ያሰበው፤ አላስመሰለም። «የትኛዋ አልማዝ?» አለ።

በየበዓሉ በስሟ ይጠራት የነበረ ሰው! ነገርኩት። ድምፄን ሳልቀንስ፣ ሾፌሩም ጎረቤቱም እየሰማ፣ ከቺንጋው እስከ ክር ለቀማው ድረስ ነገርኩት። ሲናገር የኖረው እሱ ነበር፤ ያን ቀን እኔ ተናገርኩ። ፈገግታው ከፊቱ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ያ... እሱ እኮ ተዘግቷል፣ በሕጉ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«የእናትህ መኪና ትጠገናለች» አልኩት። «በኔ እጅ ግን አይሆንም። ከድልድዩ ማዶ ጥሩ ባለሙያ አለ፤ በደንብ ይይዝልሃል። አልማዝ ሽሮ ሜዳ ናት። የሸማኔው ልጅ ብለህ ብትጠይቅ ያሳዩሃል።»

ሾፌሩ መኪናዋን አቅፎ ወጣ። ፍቅሬም በትሩን ተደግፎ ተከተለው።

ለአልማዝ አልነገርኳትም። ደውዬ እንኳ አላዘጋጀኋትም፤ ይሄዳል ብዬ አላመንኩም። ሱቁን የዘጋሁ ሰሞን ልሰናበታት ስሄድ ራሷ አነሳችው።

«አቶ ፍቅሬ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ሱሪ አሳጥሪልኝ አለኝ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ሱሪ?»

«አዲስ ሱሪ ነው። ለብሶት እንኳ አያውቅም። ለካሁለትና እዚህ ጋ ተቀመጥ አልኩት።»

«ይቅርታ አላለሽም?»

«አላለም።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ፊቷ ተቀምጦ፣ አንዲት ቃል አቅቶት ሱሪ! ምን ብዬ እንደሰደብኩት አላስታውስም፤ አልማዝ ግን እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንቺስ? ሠራሽለት?» አልኳት።

«ሠራሁለት እንጂ። ሥራዬ አይደል?» አለች። ጨርቅ እየዘረጋች ነበር፤ ያ ጣቷ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀጥ ብሎ ይታያል። «ዓይኑን ከጣቴ ላይ ማንሳት አቃተው ጋሼ። በሌላ ጊዜ ሰው ሲያየው በጨርቁ እሸፍነዋለሁ። ያን ቀን አልሸፈንኩትም። ሱሪ ማሳጠር ምን ይፈጃል? እኔ ግን ሁለቱንም እግር ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ ሰፋሁለት።»